መስበርም መጠገንም በገዛ እጅ፦ ስለ ሳይበር ደኅንነት ካምፖች ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትማችን የትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን በተግባር የሚሠለጥኑባቸውን የሳይበር ደኅንነት ካምፖች በአጭሩ አንሥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የብዙዎችን ሐሳብ ይወክላሉ ያልናቸውን አራቱን መርጠን እንደሚከተለው መልስ ሰጥተንባቸዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ዝርዝር የሚሻ በመሆኑ ሰፋ ያለውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ በሳይበር ደኅንነት ካምፕ ካልተመዘገብኩ ብሎ ይወተውተኛል። መርሐ ግብሩን ስመለከተው «የይለፍ ቃል መስበር»፣ «የኔትወርክ መልእክት መጥለፍ» የሚሉ ርእሶች አሉበት። እውነቱን ልንገርዎትና ልጄ ጥሩ ነገር ይማራል ብዬ ልኬው የሰው ኮምፒውተር መበርበር ተምሮ እንዳይመለስ ፈርቻለሁ። ልላከው ወይስ ይቅር? — የአንድ ተማሪ እናት

መልስ፦ ስጋትዎን አላጣጥለውም፤ ርእሶቹን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ የወንጀል ትምህርት ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥቃት እንዴት እንደሚፈጸም ያላየ ሰው መከላከያውን እንደ ደረቅ ትእዛዝ ይሰማዋል እንጂ ምክንያቱ አይገባውም። «የይለፍ ቃልህን ረጅም አድርግ» የሚለውን ምክር ልጅዎ እስካሁን ደጋግሞ ሰምቶት ይሆናል፤ ሰምቶም ትቶት ይሆናል። ራሱ የፈጠረው የይለፍ ቃል በዓይኑ ፊት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሲገለጥ ካየ በኋላ ግን ሌላ መካሪ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ድርጅት 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎች ያለ ምስጠራ፣ ማለትም ማንም እንዲያነባቸው በግልጽ ተቀምጠው በመገኘታቸው ሾልከው ሲወጡ፣ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የተጠቀመበት ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች በቅደም ተከተል የተጻፉበት ነበር። ምክር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉጉቱ እያለው የሚሞክርበት ቦታ ያጣው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የ22 ዓመት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዘልቅ ፕሮግራም ጽፎ በወቅቱ ገና ጠባብ በነበረው ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ፕሮግራሙ ጸሐፊው ካሰበው በላይ በፍጥነት እየተባዛ 6,000 ያህል ኮምፒውተሮችን እንዳዳከመ ተገምቷል። ወጣቱም የሦስት ዓመት አመክሮ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10,000 ዶላር በላይ መቀጮ ተፈረደበት። በኋላ የተከበረ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ለመሆን የበቃ ሰው ነውና ዕውቀት አልጎደለውም ነበር። ዙሪያው የታጠረ የሙከራ ቦታና «ይህን ብትለቀው ምን ይከተላል?» ብሎ የሚጠይቀው ታላቅ በአጠገቡ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ በፍርድ ቤት ባላለፈ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ከርእሶቹ ይልቅ አዘጋጆቹን ይመርምሩ። ልጆቹ የሚያጠቁት ኮምፒውተር የማን እንደሆነና ከውጭው ኢንተርኔት የተለየ መሆኑን ይጠይቁ። ተማሪውና ወላጁ የሚፈርሙበት የሥነ ምግባር ደንብ መኖሩን፣ የሕጉ ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን መነሣቱን፣ ለእያንዳንዱ የጥቃት ልምምድ የመከላከያ ልምምድ መከተሉንም ያረጋግጡ። «የይለፍ ቃል መስበር» ካለ በኋላ «የይለፍ ቃል ማከማቸት» የሚል ክፍለ ጊዜ የሌለበት መርሐ ግብር ጎዶሎ ነው። እነዚህ ከተሟሉ ይላኩት፤ ሲመለስም የቤታችሁን ራውተር የይለፍ ቃል እንዲቀይርላችሁ እርስዎው ያዙት።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ካምፕ መግባት እፈልጋለሁ፤ ፕሮግራሚንግ ግን አልችልም። የሚመዘገቡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ እነርሱም ብዙ የሚያውቁ ይመስላሉ። አላፍርም ትላላችሁ? — ገና ያልወሰንኩት

መልስ፦ ለጀማሪ የተዘጋጀ ካምፕ ፕሮግራሚንግ መቻልሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቅ ከሆነ የተዘጋጀው ለሌላ ደረጃ ነውና ሌላ ፈልጊ። በዚህ ሙያ ከኮድ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ አለመታከት ነው። ከመሄድሽ በፊት መለማመድ ካሻሽ፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመካከለኛና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጀመረው ፒኮሲቲኤፍ የተባለ ነጻ የሳይበር ደኅንነት ውድድር አለ፤ የቆዩ ጥያቄዎቹን በራስሽ ጊዜ መሥራት ትችያለሽ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥያቄዎች ሳትቸኩዪ ብትሞክሪ በካምፑ የመጀመሪያ ቀን ብዙ ከሚያወሩት ልጆች የምታንሺ አትሆኚም። ብዙ ማውራትና ብዙ ማወቅ እንደሚለያዩ እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። ስለ ወንዶቹ መብዛት ያነሣሽው እውነት ነው፤ በዚህ ምክንያት ብሪታንያን በመሰሉ አገሮች ለሴት ተማሪዎች ብቻ የሚዘጋጁ ውድድሮች ተጀምረዋል። በአቅራቢያሽ እንዲህ ያለ ከሌለ ከአንዲት ጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ ተመዝገቡ፤ ሁለት መሆን ብዙውን ፍርሃት ያቀልላል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ለ30 ተማሪዎች የአምስት ቀን ካምፕ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ሰጥቶኛል። ያሉን 12 አሮጌ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ኢንተርኔቱም ይቋረጣል። በስላይድ ተጀምሮ በስላይድ የሚያልቅ ሥልጠና እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ከምን ልጀምር? — መምህር

መልስ፦ የኢንተርኔቱ መቋረጥ ያሰቡትን ያህል አይጎዳዎትም፤ ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከኢንተርኔት የተነጠለ ኔትወርክ ነውና። አንድ ተራ ራውተር ከውጭው መስመር ጋር ሳያገናኙ ኮምፒውተሮቹን ቢያያይዙበት የሙከራ ክፍል አገኙ ማለት ነው። የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች አስቀድመው ኢንተርኔት ካለበት ቦታ በፍላሽ ይዘው ይምጡ፤ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት፣ በኔትወርክ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳየው ዋየርሻርክና ቨርቹዋልቦክስ ሁሉም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቨርቹዋልቦክስ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሣ ፕሮግራም ሲሆን፣ ያ የውስጥ ኮምፒውተር ጤነኛ ሳለ ያለበትን ሁኔታ ስናፕሾት አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ተማሪው ቢያበላሸው በጥቂት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የካምፑን መንፈስ የሚወስነው ግን እርሱ ነው፤ «ባበላሸውስ?» ብሎ የሚሳቀቅ ልጅ ምንም አይሞክርምና። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ይህን መሸከም ካቃታቸው ሻል ያለውን አንዱን ሰርቨር ያድርጉትና ሌሎቹ በእርሱ ላይ ይሥሩ።

ተማሪዎቹን ሦስት ሦስት አድርገው በአሥር ቡድን ይክፈሏቸው። አሥር ኮምፒውተሮች ለቡድኖቹ ሲሆኑ አንዱ ሰርቨር፣ አንዱ ደግሞ መጠባበቂያ ይሆናል። በየ20 ደቂቃው ኪቦርዱን የሚይዘው ልጅ ይቀየር፤ አለዚያ ፈጣኑ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራና ሁለቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ስለ መነጠሉ ጉዳይ አንድ ገጠመኝ ልጨምር። ከዓመታት በፊት በረዳት አሠልጣኝነት በተሳተፍኩበት አንድ ካምፕ፣ ከእኛው አንዱ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ የሙከራውን ኔትወርክ ከሕንፃው መስመር ጋር አገናኝቶ ረሳው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በኔትወርኩ ላይ ምን ምን መሣሪያ እንዳለ የሚያስስ ፕሮግራም ሲያስነሡ በሌላ ፎቅ ያሉ ፕሪንተሮች ትርጉም የለሽ ምልክት የሞላባቸውን ወረቀቶች በላይ በላዩ ያትሙ ጀመር። አንዳንድ ፕሪንተሮች የደረሳቸውን ማንኛውንም ነገር እንዲታተም የተላከ አድርገው ስለሚቀበሉ ነው። ጉዳቱ ወረቀትና ይቅርታ ብቻ ሆኖ አለፈ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ገመዶቹን በእጄ እየዳሰስኩ ሳልቆጥር ሥራ አላስጀምርም።

የመጀመሪያውን ቀን ያለ ኮምፒውተር ቢያሳልፉት እመክራለሁ። ለሒሳብ መምህር ከምስጠራ የተሻለ መግቢያ የለም፤ ለእኛ ደግሞ ፊደላችን ራሱ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። 33ቱን የፊደል ቤቶች ከሀ እስከ ፐ በካርቶን ክብ ላይ በዙሪያው ይጻፉና በላዩ የሚሽከረከር ሌላ አነስተኛ ክብ ያድርጉበት። እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ቤት ወደፊት ይሂድ፤ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ የሚሄደው መደቡ ግን እንዳለ ይቆይ። «ሰላም» የሚለው ቃል «በሣስ» ይሆናል። ልጆቹ መልእክት ከተላላኩ በኋላ የሌላውን ቡድን መልእክት ያለ ቁልፉ እንዲፈቱ ይዘዟቸው። ያሉት መዞሪያዎች 32 ብቻ ስለሆኑ አንዱ ቡድን ሁሉንም መሞከር ይጀምራል። ሌላው በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን ምልክት ይቆጥራል፤ ይህም በ9ኛው ክፍለ ዘመን አልኪንዲ የተባለው ሊቅ በጽሑፍ ያስቀመጠው ዘዴ ነው። ብልሆቹ ደግሞ መደቡ ሳይቀየር መቅረቱ የቃሉን ቅርጽ እንደሚያጋልጥ ይደርሱበታል። ያኔ «መደቡንስ እንዴት እንደብቀው?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ቀኑ ይሞላልዎታል። አንድ የሚያስቅ ነገርም ያጋጥማል፦ ሀን፣ ሐንና ኀን እያቀያየረ የሚጽፍ ተማሪ መልእክቱ ከሌሎቹ ይልቅ ለመፈታት ያስቸግራል፤ አንዱ ድምፅ በብዙ ምልክት ሲጻፍ ቆጣሪው ይሳሳታልና። የቀድሞ የምስጢር ጽሑፍ አዋቂዎች ይህንኑ ሆን ብለው ያደርጉት ነበር። የቋንቋ መምህሩ ግን ይህን ባይሰሙ ይሻላል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ይለፍ ቃል ይለፉ፤ እዚህ ላይ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በ26 የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት የሚሠሩ ባለ 8 ፊደል ቃሎች ብዛት 26 ወደ 8ኛው ርቢ ከፍ ሲል፣ ማለትም ስምንት 26ቶች እርስ በርስ ሲባዙ፣ 209 ቢሊዮን ያህል ነው። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ሙከራ የሚያደርግ ማሽን ሁሉንም በ21 ሰከንድ ይጨርሳቸዋል። ፊደላቱ በዘፈቀደ የተመረጡ ሆነው ቁጥራቸው 16 ቢሆን ግን ያው ማሽን ከ130,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ርዝመቱ የተጨመረው እጥፍ ብቻ ሆኖ ሳለ ጊዜው እንዲህ መራቁን ልጆቹ ራሳቸው አስልተው ይድረሱበት፤ እርስዎ አይንገሯቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃልን በየጊዜው ማስቀየርና ልዩ ልዩ ምልክት እንዲቀላቀልበት ማስገደድ ቀርቶ ርዝመት እንዲበረታታ መምከሩም የተመሠረተው እንዲህ ባለው አስተሳሰብ ላይ ነው።

ሦስተኛው ቀን የዋየርሻርክ ይሁን። በሰርቨሩ ላይ ሁለት ቀላል የመግቢያ ገጾች ያዘጋጁ፤ አንዱ ያልተመሰጠረ፣ ሌላው የተመሰጠረ ይሁን። ተማሪዎቹ የፈጠራ ስምና የፈጠራ የይለፍ ቃል ያስገቡ፤ በምንም ምክንያት እውነተኛውን አያስገቡ። በመጀመሪያው ገጽ የጻፉት ቃል በስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል ይነበባል፤ በሁለተኛው ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይታያል። አንዱ ቡድን የሌላውን መልእክት ከራሱ ኮምፒውተር ሆኖ ማየት ቢያቅተው አይደነቁ። በገመድ ሲገናኙ ራውተሩ እያንዳንዱን መልእክት ለሚመለከተው ብቻ ስለሚያደርስ፣ ሁሉንም ማሳየት ሲፈልጉ ፕሮግራሙን በሰርቨሩ ላይ ይክፈቱት። ማይክሮቢት የተባሉት ለተማሪዎች የተሠሩ ትንንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች ካሏችሁም ይጠቀሙባቸው፤ በሬዲዮ የሚላላኩት መልእክት ስለማይመሰጠር መልእክቱ የሚላክበትን የሬዲዮ ቡድን ቁጥር የገመተ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ምስጠራን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

አራተኛው ቀን ስለ ማጭበርበሪያ መልእክቶች ነው። ብዙ አልልበትም፤ ዋናው ልምምድ የድረ ገጽ አድራሻን በትክክል ማንበብ ነው። የታወቀ ድርጅት ስም በአድራሻው መጀመሪያ ላይ ስለታየ አድራሻው የድርጅቱ ነው ማለት አይደለም። የባለቤቱ ስም የሚገኘው ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት፣ በመጨረሻዎቹ ነጥቦች አካባቢ ነው። ሃያ አድራሻዎች በወረቀት አትመው ይስጧቸው፤ ከአንድ ሰዓት ክርክር በኋላ ሳይጠራጠር የሚያልፍ አይኖርም።

የመጨረሻውን ቀን ለመከላከል ውድድር ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የተጀመረው ሳይበርፓትሪዮት የተባለው የተማሪዎች ውድድር የሚከተለው ይህንን መንገድ ነው፤ ቡድኖቹ ሆን ተብሎ የተጓደለ ኮምፒውተር ተሰጥቷቸው ጉድለቱን ፈልገው ይጠግናሉ። እርስዎም በአንዱ ቨርቹዋል ማሽን (በቨርቹዋልቦክስ በተነሣ የውስጥ ኮምፒውተር) ላይ አሥር ያህል ጉድለት ይተዉ፦ የይለፍ ቃል የሌለው የእንግዳ መለያ፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያላግባብ የተሰጠው ተጠቃሚ፣ ማንም የማይፈልገው ሆኖ ሳለ ክፍት የተተወ አገልግሎት፣ ዘመኑ ያለፈበት ፕሮግራም። ለተገኘው ጉድለት ነጥብ ይስጡ፤ ጥገናው አስፈላጊ አገልግሎት ካቆመ ግን ነጥብ ይቀንሱ። ሁሉንም ነገር ዘግቶ «አሁን አስተማማኝ ነው» የሚል ቡድን በየዓመቱ አይጠፋም፤ እርሱን ተከትሎ የሚነሣው ክርክር ከብዙ ገለጻ የበለጠ ያስተምራል።

ጥያቄ፦ የቋንቋ መምህርት ነኝ፤ ከኮምፒውተር ጋር ያለኝ ትውውቅ ፈተና ከመተየብ አያልፍም። ርእሰ መምህራችን በመምህራን የሳይበር ደኅንነት ካምፕ እንድሳተፍ መርጠውኛል። ይህ ለአይሲቲ መምህራን የሚቀር አይደለምን? ከተመለስኩስ በኋላ ምን ላደርግበት ነው? — የቋንቋ መምህርት

መልስ፦ ርእሰ መምህርዎ ጥሩ መርጠዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲና ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ጄንሳይበር የተባለውን የካምፖች መርሐ ግብር ሲጀምሩ ከተማሪዎቹ ካምፕ ጎን ለጎን የመምህራን ካምፕም እንዲኖር ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ተማሪ ቢሠለጥን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። በአራት ክፍል እያንዳንዳቸው 40 ተማሪ የሚያስተምሩ መምህርት ቢሠለጥኑ ግን በዓመት 160 ልጆች ዘንድ ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌሎች 160። ገንዘብና ጊዜ ካጠረ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የመምህራኑን ካምፕ እመርጣለሁ፤ በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉኝ አልሸሽግም።

የቋንቋ መምህርት መሆንዎ ደግሞ ጥቅም አለው። የማጭበርበሪያ መልእክት በመጀመሪያ ደረጃ ጽሑፍ ነው። አስቸኳይነትን የሚፈጥረው ቃል የትኛው ነው? ጸሐፊው ራሱን ባለሥልጣን የሚያስመስለው እንዴት ነው? አንባቢው እንዳያስብ የሚከለክለው ዐረፍተ ነገር የቱ ላይ ነው? ይህን መመርመር ከኮምፒውተር ባለሙያው ይልቅ የእርስዎ ሙያ ነው። የታሪክ መምህሩ በምስጠራ ታሪክ፣ የሥነ ዜጋ መምህሩ በግል መረጃ መብት በኩል እንዲሁ መግቢያ ያገኛሉ።

በካምፑ ላይ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ለተማሪ የሚሰጡትን ልምምድ አስቀድመው በራስዎ እጅ ይሥሩት፤ ተሳስተው ቆመው፣ መልሰው ሞክረው ይለፉ። ተማሪው የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቀው እዚያ ላይ የቆመ መምህር ብቻ ነው። ተማሪዎችና መምህራን አብረው በሚሠለጥኑበት ካምፕ ልጆቹ ቀድመውዎት ቢሄዱ አይከፋዎት፤ «አሳየኝ» ማለትን ከመምህሩ የሚማር ተማሪ ዕድለኛ ነው። ሁለተኛ፣ ከካምፑ ሲወጡ የምስክር ወረቀት ብቻ ይዘው አይውጡ፤ በአንድ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩት፣ ለራስዎ የትምህርት ዓይነት የተሰናዳ ቢያንስ አንድ የትምህርት ዕቅድ ተጽፎ በእጅዎ ይኑር። አሠልጣኞቹ ለዚህ ጊዜ ካልመደቡ ይጠይቋቸው።

ከተመለሱ በኋላ ትልቁ ጠላት ጊዜ ነው፤ ወር ካለፈ ነገሩ ይቀዘቅዛል። በተመለሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ያን አንድ ትምህርት ያስተምሩ፤ ባይሳካም ያስተምሩት። ቀጥለው ፈቃደኛ የሆነ አንድ የሒሳብ ወይም የአይሲቲ መምህር አጋር ይፈልጉና በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ የተማሪዎች ክበብ ይጀምሩ። ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን ኔትወርክ እንፈትሽ ማለታቸው አይቀርም፤ ርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ካልፈቀዱና ኃላፊው ባለሙያ በቦታው ካልተገኘ በስተቀር አይፍቀዱላቸው። በዚያ ፈንታ ከላይ ለሒሳብ መምህሩ ከነገርኩት የካርቶን ክብ ይጀምሩ፤ መቀስና እስክሪብቶ ይበቃዎታል።